የማርያም መቀነት በጉዴቢያ

ዓረቡ ሰፈሩን ጉዴቢያ ይለዋል፤
እኛ ጆሮ ሲደርስ «ጉዴ» ብቻ ይቀራል።
ጉዴን ይዤ መጣሁ፣ ጉዴን ይዤ አደርኩ፣
በመናማ ጣራ ዓመት በገመድ ቆጠርኩ።

ታሪክ ጸሐፊ የለውም የኛ በዓል።
ገመዱ ጫፍ ላይ ግን ዘጠኝ መቆንጠጫ አለ፣
ለየዓመቱ አንድ፣ ፀሐይ የሰነጠቀው፤
እንግዲህ በአፌ ልንገራችሁ፣ እንደመጣልኝ።

መጀመሪያ ሦስት ነበርን፦
ሮዴል ጸጉር ቆራጩ፣ ሐሙስ ማታ ጥፍሩን ቀብቶ
አርብ ማታ በአሴቶን የሚያጥበው፤
ቢጁ ልብስ ሰፊው፣ ለሌለች ሚስቱ
በየወሩ ቀሚስ የሚሰፋ፤
እኔ፣ የሰው ልጅ አዝዬ ሳምንቱን ከርሜ
አርብ ከቀትር እስከ መግሪብ የምፈታ።
በዓል ልናከብር አልወጣንም።
የታች ቤቱ ማሽን ተበላሽቶ ልብስ ልናሰጣ ነው።

ሮዴል ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና ሳቀ፦
ቀይ የሱ ሸሚዝ፣ ብርቱካን የቢጁ ፎጣ፣
ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ የኔ ሰማያዊ የሥራ ልብስ፣
ዳር ላይ ወይን ጠጅ፣ ያልተከፈለበት የደንበኛ ቀሚስ።
«በሌላ አገር» አለ «ይህንን ተሸክመው
መንገድ ሞልተው ይሄዳሉ፣ ከበሮ እየመቱ።»
«በኛ አገር» አልኩት «የማርያም መቀነት ነው፤
እናቴ በጣት አትጠቁሚባት ትለኝ ነበር።»

እኔ መጠቋቆሚያ ላለመሆን የተሰደድኩ ሴት
እዚያች ገመድ ሥር ቆሜ
ሰማይም እንደኔ የሚፈራው ጣት እንዳለ ገባኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሰባት ሆንን።
አንዱ ያገሩ ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም።
መኪናውን ሦስት መንገድ አርቆ አቁሞ በእግሩ ይመጣል፣
ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆሞ ያዳምጣል።
እኛን ቢይዙን አውሮፕላን አለ፤
እሱን ግን ወደ የትኛው አገሩ ይመልሱታል?
አረንጓዴውን የሚሰቅለው እሱ ነው፣ ሁልጊዜ፣ ሳይናገር።

በሦስተኛው ትርንጎ መጣች፣ ከባቲ፣
ሻሿ ቢጫ፣ ስሟን የመሰለ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተርክም፤
ቢጫው ቦታ የሷ ሆነ ልበል፣ ይበቃል።

በአራተኛው ናጡሩ ወጣ፣ እያለከለከ።
ታች የቆመ መኪና ላይ ውሃ ተንጠባጥቦ ሰው ጮኾበታል።
እንደ ድንጋይ ቆምን። ሮዴል እጁን ኪሱ ከተተ።
ሽማግሌው ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አየ፣
ወይን ጠጁን አወረደ፣
ጨመቀው፣ ደግሞ ጨመቀው፣
መልሶ እዚያው ቦታው ላይ ሰቀለው።
ያውቅ ነበር? አያውቅም ነበር?
እስከ ዛሬ ያጨቃጭቀናል።

በሽታው በር በዘጋ ዓመት እመቤቴ ቤት ተቆለፍኩ።
የሕፃኑን ካልሲዎች በተራ ሰቀልኳቸው፣
ስድስት፣ አውራ ጣት የሚያክሉ፤
ሰልፍ ከተባለ ያ ነው ሰልፌ።

ትርንጎን ማንም አላባረራት። ውሏ አለቀ፣ ሄደች።
እንዲህም መለያየት አለ፣ ከሳሽ የሌለው፣
ሻሽ ብቻ ገመድ ላይ የሚተው።
ባለፈው ክረምት ደወለች፦
«ባቲ ዘነበ፤ ከገበያው በላይ ወጣችልን።»
«ጠቆምሽ?» አልኳት።
«መዳፌን ሙሉ ዘረጋሁ» አለች።

ሮዴል ዶሃ ነው አሁን። ቢጁ መርፌ የሚሰካለት ሰው ይፈልጋል።
ቢጫው ነጥቶ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው።
ዘንድሮ አርባ ሁለት ነን፣ በአራት ጣራ ተከፋፍለን፤
ከአንዱ ጣራ ሌላው ይታያል፣ እጅ ግን አናውለበልብም።
አዲስ የመጣች ልጅ፣ ገና ዓረብኛ ያልፈታች፣
«ይሄ ምንድነው?» ብላ ጣቷን ልታነሳ ስትል
እጇን ያዝኩት።
«ልብስ ነው» አልኳት።
«ደርቋል፤ ነፋስ ሳይወስደው ነይ አግዢኝ።»